አምስተኛ ኤ ዝም ብሎ የዘመረበት ዕለት

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ። ሰዓቱን ማን እንደመረጠው እንጃ! ሠላሳ ስምንት ዓመት በደወል ኖሮ ለወጣ ሰው ደግሞ ሰዓት ይሰጣል? ምርቃቱና ጭብጨባው ሲያልቅ፣ በእኔ ቦታ የተተካችው ወጣት የሙዚቃ አስተማሪ ለስላሳዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን የትኛውን ክፍለ ጊዜ ይወዱታል?» አለችኝ። ሳላስብ «ድምፅ ሳይኖር ያስተማርኩትን» አልኳት። ሳቀች። የቀለድኩ መሰላት። እኔ ደግሞ ተናዳጅ ነኝ፤ እውነት ተናግሬ ሲሳቅብኝ አልወድም። እዚያው አስቀምጬ ነገርኳት። እሷ ታክሲ እንዳያመልጣት ስለቸኮለች ያን ቀን አሳጠርኩት፤ እዚህ ግን የሚያስቸኩለኝ የለም።

የወሎ ቄስ ልጅ ነኝ። ዜማ የጀመርኩት የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብኩት ይርጋለም ነበር። እዚያ ሙዚቃ በወረቀት ላይ እንጂ በክፍል ውስጥ ስላልነበር ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተማርኩ። በጂኦግራፊ ስም ለሠራሁት ሁሉ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ በደርግ ዘመን ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ደመወዙ የሚታወቀው ነው፤ እሱን ትተን ወደ ሰዎቹ እንሂድ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተቀበሉኝ ሃምሳ አለቃ ዱባለ ናቸው። በጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ክላርኔት ሲነፉ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ በኮንትራት ያስተምሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ በክረምት ጭቃ እንኳ ጫማቸው የሚያበራ ሰው። የመጀመሪያውን ዓመት እሳቸው ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጬ እንዳይ አደረጉኝ። ወደ ክፍል ሲገቡ አይቸኩሉም። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲንጫጩ፣ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ጸጥታ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። ለካ ጫጫታውን ነው የሚለኩት! ልጆቹ በሚንጫጩበት ድምፅ ልክ መዝሙሩን ያነሡና እያዜሙ ይገባሉ። ሦስት አራቱ ሳይታወቃቸው ይከተሏቸዋል፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። «ዝም በሉ!» ሲሉ አንድ ቀን አልሰማኋቸውም።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰልፈው እያዘመሩ ሲያስኬዱ፣ መሐል ላይ ጡጫቸውን ጭብጥ ያደርጋሉ። ሁሉም ዝም ይላል፤ እግር ብቻ ይቀጥላል። ስምንት እርምጃ ከተሄደ በኋላ ጡጫቸውን ሲፈቱ መዝሙሩ ይነሣል፤ ግን ከቆመበት አይደለም። በስምንት እርምጃ ውስጥ ሊደርስበት ከሚገባው ቃል ላይ ነው የሚነሣው። በዝምታው ውስጥ በሆዱ እየዘመረ ያልመጣ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። መጀመሪያ ሲያደርጉት አይቼ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ ራሴ ስሞክረው ሦስት ቀን ሙሉ ሳትኩ፤ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሳቁብኝ።

እሳቸው ሙዚቃውን ለእኔ አስረክበው በወጡ በዓመቱ ግን ጥፋት ሠራሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ለወላጆች ቀን መዝሙር ሳለማምድ ሩት የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ሁልጊዜ ትስትብኛለች። ዜማው ሲወጣ እሷ አትወጣም፤ ከታች ከታች እየሄደች ሌላ ነገር ትላለች። የኔታ ዘንድ ከዜማ የወጣ ይቆነጠጣል። እኔ አልቆነጥጥም፤ ዘመናዊ ነኝ አይደል! ጎንበስ ብዬ በለሆሳስ «ሩትዬ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፣ እሺ?» አልኳት። «እሺ ቲቸር» አለች። በበዓሉ ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከዳር ቆማ፣ አፏን ብቻ አንቀሳቀሰች።

ሃምሳ አለቃ ዱባለ በእንግድነት ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ሲያልቅ መጡና «ያቺ ከዳር ያለችው ልጅ ለምን ዝም አለች?» አሉኝ። ድምፅዋ ይስታል አልኳቸው። ጠርተው አዘመሯት። እሷ በራሷ መንገድ ስትዘምር እሳቸው ዋናውን ዜማ በክላርኔት ነፉላት። ኧረ ወዲያ! ሁለቱ ገጠሙ፤ እንዴት ያለ መግጠም! ልጅቷ የጴንጤ ቤተሰብ ናት፤ ቤታቸው ውስጥ እናትና አክስቶቿ ድምፅ ተከፋፍለው ሲዘምሩ ሰምታ ነው ያደገችው። አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ይደግፋል። እኔ የቄስ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ዜማ ሲሄድ ብቻ ሰምቼ ያደግኩ፣ ድጋፉን ስህተት አልኩት። በማግስቱ ድምፅዋን አውጥታ እንድትዘምር ለመንኳት። «እሺ ቲቸር» አለችኝ፤ ግን ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ አፏን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። ድምፅዋን ዳግመኛ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲያ አንድም ልጅ ዝም ላላሰኝ ማልኩ።

እንግዲህ እንዲህ ምዬ ባለሁበት ነው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጓድ ተክሉ ቢሮ ያስጠሩኝ። ረቡዕ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አምስተኛ ኤ ውስጥ ገብተው ሊያዩኝ ነው፤ የክፍል ምልከታ ይባላል። ከዚያ በፊት መነጋገር አለብን አሉ። ጠረጴዛቸው ላይ በስቴንስል የተባዛ ቅጽ አለ፤ አጠገቡ የእኔ የትምህርት ዕቅድ።

«ጓድ መምህር፣ ‹ተማሪዎች መዝሙሩን ይዘምራሉ› ብለሃል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘመሩ፣ ጓድ ተክሉ።»

«እ?»

«ይዘምራሉ!»

«እሱን አየሁት። ምን ይጽፋሉ?»

«አይጽፉም።»

«ታዲያ ደብተራቸው ላይ ምን ይታያል?»

«ምንም።»

«እ?» አሉኝ እንደገና፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። ያቺ «እ?» አቃጠለችኝ። አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር «እ?»! ንቀው ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እርሳሳቸውን ቅጹ ላይ እየጎተቱ «የክፍል ጸጥታ» የሚለው ላይ አቆሙ። ከሁሉ የበለጠ ነጥብ የተመደበው እዚያ ላይ ነው።

«ረቡዕ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ከጎንህ ስድስተኛ ቢ የሒሳብ ፈተና አለበት። ግድግዳው ቺፑድ ነው፤ ሁሉ ነገር ያልፋል። ስለዚህ ድምፅ እንዳይወጣ።»

«የሙዚቃ ትምህርት እኮ ነው!»

«ገብቶኛል። በጸጥታ አስተምር።»

ሳቅ አፈነኝ፣ ቁጣም አፈነኝ። «ቀኑ ቢቀየርስ?» አልኳቸው።

«ፕሮግራሙ ተባዝቷል።»

«ፈተናው ቢቀየርስ?»

«እሱም ተባዝቷል።»

«ዛፍ ሥር ይዣቸው ብወጣስ?»

«ቅጹ የሚለው የክፍል ምልከታ ነው። ዛፍ ክፍል አይደለም።» ከዚያ እርሳሱን አስቀመጡት። «በግልጽ ልንገርህ፤ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የእርሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አጥሮናል። ውጤትህ ካላረካ ሁለቱ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜያት ወደዚያ ይዞራሉ። ልጆቹ ጎመን ይኮተኩታሉ።»

ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጎመን አልጠላም፤ ግን እነዚያ ልጆች በሳምንት ሁለት ጊዜ አፋቸውን ሞልተው የሚከፍቱባት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች። በፊቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ ሲመለሱ የሰሙትን ዘፈን በሲዳምኛ የሚያስተምሩኝ፣ እኔ ቃሉን ስኮላተፍ መሬት እየተንከባለሉ የሚስቁብኝ በዚያች ሰዓት ነው። እሷ ልትሄድ ነው፤ የምትተርፈው ደግሞ የአምስተኛ ኤን አርባ ሰባቱንም ልጆች እንደ ሩት ካፈንኳቸው ነው። ይህ ነው ያበገነኝ።

በዚያው ቀጥ ብዬ መናኸሪያ ጀርባ ወደሚኖሩት ወደ ሃምሳ አለቃ ዱባለ ሄድኩ። እየጮህኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ፣ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ወታደር በዝምታ ሳዘምር የኖርኩ ሰው አይደለሁ እንዴ?»

«እሱ ስምንት እርምጃ ነው፤ ይሄ አርባ ደቂቃ ነው!»

«ታዲያ አርባ ደቂቃ ብዙ ስምንት ነዋ!» አሉና ከክላርኔቱ ሳጥን ውስጥ እንደ ሹካ ሁለት ጣት ያለው ብረት አወጡ። መቃኛ ነው፤ ጉልበታቸውን መታ ሲያደርጉበት «ላ» የሚባለውን ድምፅ ይሰጣል፤ ግን በጣም ቀጭን፣ አጠገብህ ካልሆነ የማይሰማ። መትተው እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ አጥንቴ ላይ ተከሉት። እናቴ ድረሽ! ጭንቅላቴ በሙሉ ዘመረ። ብረቱን ሲያነሡት ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሚስታቸው ጓዳ ውስጥ ምንም አልሰሙም። «ከጎረቤት ክፍል ማን ይሰማዋል?» አሉኝ። ቅድም ስጮህ የነበርኩት ሰውዬ እጃቸውን ይዤ ሳምኳቸው።

ረቡዕ ደረሰ። ጓድ ተክሉ ከኋላ፣ ዓለሚቱ የምትባል ደፋር ልጅ ጎን፣ ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። እኔ ሰሌዳው ላይ «ዛሬ በውስጣችን እንዘምራለን» ብዬ ጻፍኩና ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አበደ ሳይሉኝ አይቀሩም። መቃኛውን ጉልበቴ ላይ መታሁና ከመጀመሪያው ዴስክ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ልጅ ዓይኑ ፈጠጠ። ሁለተኛዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሦስተኛው ተመልሶ ተራ ሊይዝ ሞከረ። ከዴስክ ወደ ዴስክ ስሄድ ሁሉም ጭንቅላቱን ወደኔ እየሰጠ ይጠብቃል፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም ሆዴ ውስጥ ሳቅ ሳቅ ይለኝ ጀመር።

ዓለሚቱ ጋ ደረስኩ። እሷ ሰማች፣ ተደሰተች፣ ከዚያ በጣቷ ወደ ጓድ ተክሉ አሳየችኝ። ለእሳቸውስ? ማለቷ ነው። ወይ ጣጣ! ከግራቸው በኩል ጠጋ ብዬ «ይሞክሩት» አልኳቸው በሹክሹክታ። ዝም አሉ። ደገምኩ፤ ዞር እንኳ አላሉም። ዓለሚቱ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው፣ ክንዳቸውን ጎተት አድርጋ «ጓድ ተክሉ፣ ከጆሮ ኋላ ነው እሱ፣ አጥንት ላይ» አለቻቸው። እኔም እግዜር ያውቃል ብዬ መታሁና ከግራ ጆሯቸው ኋላ ተከልኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?!»

የጮኹት ጓድ ተክሉ ናቸው። የሰልፍ ሜዳ ላይ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ከስድስተኛ ቢ በኩል ቺፑዱ ኳ ኳ ኳ ተደረገ። የሒሳቡ መምህር ናቸው። አርባ ሰባት ልጆች ዴስክ ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየኝ፤ ድምፅ ግን አንዳቸውም አላወጡም።

«ድገመው!» አሉ ጓድ ተክሉ፣ ባሰባቸው እንጂ። እንደገና ኳ ኳ ኳ! ደገምኩት። ቅጹ ከጉልበታቸው ላይ ወደቀ፤ አላነሡትም። ከዚያ መቃኛውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጉልበታቸውን መቱበት፤ በጣም አጥብቀው ነው የመቱት፣ ሳያማቸው አልቀረም። እዚያው ግራ ጆሯቸው ኋላ ተክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለምን ግራውን ብቻ እንደሚመርጡ አልገባኝም።

ተመልሼ ፊት ቆምኩ። መዝሙራችን ስለ ሐይቁ ያወጣኋት ባለ አራት ስንኝ ናት። ጡጫዬን ጨበጥኩና በሌላው እጄ ምቱን መስጠት ጀመርኩ። ልጆቹ አፋቸውን ዘግተው መዘመር ጀመሩ። እንዴት ታውቃለህ በሉኝ! ትንፋሽ በሚወሰድበት ቦታ የሁሉም ደረት አንድ ላይ ተነሣ። ዜማው በሚወጣበት ቦታ ቅንድብ ሁሉ ወጣ። አንደኛው ስንኝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። በአራተኛው መጨረሻ ላይ ጡጫዬን ፈታሁት።

የመጨረሻዋ ቃል ወጣች። በለሆሳስ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ አርባ ሰባቱም በአንድ ጊዜ፣ በዚያችው ቃል ላይ። እዚያ ላይ ዜማዋን «ላ» ላይ እንድታርፍ ነበር ያወጣኋት። አርፋለች። አንዲት ፀጉር አላነሰችም፣ አልበለጠችም። እነዚያ ልጆች እንደታፈኑ ሳይሆን ሞልተው እንደዘመሩ ያወቅኩት ያኔ ነው። እንባዬ መጣ። ልጆቹ ፊት ማልቀስ ስለማይሆን ሰሌዳ ማጥፋት ጀመርኩ፤ ጠመኔ ዓይኔ ገባ ብዬ እስከ ደወል ድረስ ጠረግሁት።

ጓድ ተክሉ ቅጻቸውን ከወለል አንሥተው፣ መቃኛውን ዴስክ ላይ ትተው፣ ምንም ሳይሉ ወጡ። የደስታዬ ነገር እዚያ ላይ ቀዘቀዘ። ጎመኑ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። በሩን ዘጉና ከግራቸው ልቀመጥ ስል ወንበሩን ወደ ቀኛቸው ሳቡልኝ።

«በዚህ ሁን፤ በዚያ በኩል አልሰማህም» አሉኝ። ቀጠሉና «በልጅነቴ መግል ያዘው። ሐኪም በሌለበት አገር፣ ይሄ ይቀባ ያ ይቀባ ሲባል ተዘጋ። ቀኙም ቢሆን ደህና አይደለም። ክፍል ሲንጫጫ፣ ስብሰባ ላይ ሰው ሲደራረብ፣ ሁሉም ተደበላልቆ አንድ ሁካታ ይሆንብኛል፤ ማን ምን እንዳለ አልለየውም። ለሰው አልተናገርኩም፤ ሥራዬን ያሳጡኛል ብዬ» አሉ። ግራ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይሄኛው ድንጋይ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ዛሬ ሰማሁበት።»

ያቺ «እ?» ትዝ አለችኝ፤ ለካ ንቀት አልነበረችም! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይቅርታ፣ ጓድ ተክሉ» አልኩ፤ ለምን ይቅርታ እንደምጠይቅ ስላልነገርኳቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

ከዚያ ቅጹን ወደኔ አዞሩት። «ዝግጅት ሙሉ ነው። መርጃ መሣሪያ ሙሉ ነው። የተማሪ ተሳትፎ ሙሉ ነው። በጸጥታ ግን ቀንሼብሃለሁ።»

«ኧረ ለምን?»

«ከጎረቤት ክፍል ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።»

«የጮኹት እርስዎ አይደሉም እንዴ?!»

«እኔ ነኝ። ግን ቅጹ ማን ጮኸ አይልም» አሉና ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ያን ቀን መጀመሪያ አየሁ፤ እኔም አልቻልኩም፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፋሁ።

«እና ክፍለ ጊዜው?» አልኳቸው እንባዬን እየጠረግሁ።

«ለጎመኑ ሌላ ሰዓት እንፈልግለታለን።» ፈርመው ቅጹን ሰጡኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

«ሰኞ ስድስተኛ ቢ ፈተና የለበትም። እኔ ደግሞ እዚህ ቢሮዬ ነኝ። በዚህ በቀኙ ጆሮዬ፣ ከዚህ ሆኜ እስክሰማቸው ድረስ አስጩኻቸው።»

ከአምስተኛ ኤ እስከ ቢሮው ሜዳውን በሙሉ ማቋረጥ ነው። ሰኞ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩና ለልጆቹ ቢሮውን አሳየኋቸው። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ጓድ ተክሉ በረንዳቸው ላይ ወጥተው እጃቸውን አወዛወዙልን።